ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አተረጓጐም

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ዩዘርፕ» የሚባል አንድ ግሥ አለ። ወደ አማርኛ የሚመልሱት ሰዎች አንዱ «ያዘ»፥ አንዱ «ተረከበ»፥ አንዱም «ተቆጣጠረ» እያሉ ሲጽፉት እናያለን። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍርድ ያለበት ነውና ጥቂት ብንመረምረው አይከፋም።

ግሡ የመጣው ከላቲን ነው። በዚያ በመጠቀም የራስ ማድረግንም ያመለክት ስለ ነበረ ሁልጊዜ ነቀፌታ አልነበረበትም። በእንግሊዝኛ ግን ዙፋንን፥ ሥልጣንን ወይም የሌላውን መብት ያላገባብ መውሰድ ማለት ሆነ። ገንዘብ የሰረቀውን ሌባ በዚህ ግሥ አይከሱትም። እንግዲህ ይህን ግሥ የተናገረ ሰው የተደረገውን መንገሩ ብቻ ሳይሆን መፍረዱም ነው።

ፈራጁስ ማን ነው? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1483 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሦስተኛው ሪቻርድ የ12 ዓመቱን የወንድሙን ልጅ አምስተኛውን ኤድዋርድን አስወግዶ ነገሠ፤ በ1484 ፓርላማው ንግሥናው የተገባ ነው ሲል ሕግ አወጣለት። በ1485 ሪቻርድ በቦስዎርዝ ጦርነት ሞቶ ሄንሪ ቱዶር በነገሠ ጊዜ ያው ሕግ ተሻረ፥ ቅጂዎቹም እንዲጠፉ ታዘዘ። ሄንሪ በዚህ ሳይወሰን የንግሥናውን መጀመሪያ ከጦርነቱ አንድ ቀን አስቀድሞ አስቈጠረ፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ንጉሣቸው ለነበረው የተዋጉት ሰዎች ከሐዲዎች ተባሉ። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው እንኳ እንዲህ ያለው አቆጣጠር እንግዳ ነው! የሄንሪም የዘር መብት ደካማ ነበረ፤ ሆኖም ቀማኛ የሚለው ስም የተጣበቀው በሞተው ላይ ነው።

ወደ ቋንቋችን ስንመለስ፥ «ተረከበ» ያልን እንደሆነ አስረካቢ አለ ማለታችን ነው፤ የተቀማውን ሰው ፈቅዶ የሰጠ እናስመስለዋለን። «ወረሰ»ም ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፤ ልጅ ያባቱን ርስት ሲይዝም፥ መንግሥት የሰውን ንብረት ሲወስድም ወረሰ ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን «ተቆጣጠረ» ነው። ከመቁጠር የወጣ፥ የመዝገብና የሒሳብ ሥራን የሚያሳስብ ቃል ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ ከተማ በጦር ሲያዝ ሁሉ ይጻፋል፤ አንባቢውም ደም የፈሰሰበትን ነገር እንደ ቢሮ ሥራ ያነበዋል።

በእኛ አሳብ «ያላገባብ ያዘ» ወይም «ቀማ» ቢባል ይሻላል፤ ፍርዱም የጸሐፊው እንጂ የተርጓሚው እንዳይደለ እንዲታወቅ «እገሌ እንደሚለው» ብሎ መጨመር ይገባል። መብቱ የማን እንደ ነበረ ገና የሚያከራክር ሲሆን ግን «ሥልጣኑን ያዘ» ማለት ይበቃል።