ስለ መኪና ቴፕ ኃይልና ስለ ካርቶኑ ጽሕፈት

ለጃፓን ገበያ ተሠርተው ወደ አገራችን የገቡ ብዙ መኪናዎች ሬዲዮአቸው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚቀበል፣ ሸገር 102.1ን መስማት የሚሻ ባለመኪና ቴፑን ሊለውጥ ወደ ሱቅ ይመጣል። እዚያም ዓይኑ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ በጉልህ በታተመው «50 ዋት በ4» ላይ ነው።

ይህ ቍጥር የቅጽበት ጣሪያ እንጂ የዘወትር ኃይል አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ያህል ነው፤ በዚህ ቮልት ብቻ የሚሠራ አምፕሊፋየር ለ4 ኦም ስፒከር የሚሰጠው ያልተዛባ ድምፅ በስሌት እንኳ ከ26 ዋት አይበልጥም። በመመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል «አርኤምኤስ» ተብሎ የሚጻፈውም ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 22 ዋት ነው።

ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲልክ አርኤምኤሱን ከነመዛባቱ መጠን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ 22 ዋት በ5 በመቶ መዛባት፣ ከ14 ዋት በ1 በመቶ መዛባት የሚበልጠው ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለምና። ደንበኛው ሌላ አምፕሊፋየር ሊያስገጥም ካሰበም፣ የአርሲኤ መውጫው ከ2 ቮልት ይልቅ 4 ቮልት ቢሆን ከሞተሩ የሚገባው ጩኸት ይቀንስለታል።

አንዳንድ ቸርቻሪ «ገዢ የሚጠይቀው ትልቁን ቍጥር ነው» ይላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ገዢ 50 ዋት አለኝ ብሎ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቶ ስፒከሩ ሲቃጠልበት፣ ዕቃውን ይዞ የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው።