የዙኦሎጂ ላብ ከቄራ ቢጀምርስ?

በብዙ ኮሌጆች የዙኦሎጂ ላብ ውስጥ ለአናቶሚ ትምህርት መጀመሪያ የምትቀርበው እንቁራሪት ናት። ሰም በፈሰሰበት ሳህን ላይ በጀርባዋ ትንጋለላለች፣ እግሮቿ በእስፒል ይወጠራሉ፣ ሆዷ ይሰነጠቃል፤ ተማሪውም ባለሦስት ክፍል ልቧን እየፈለገ በእርሳስ ይሥላል። ልምዱ ከውጭ ማኑዋሎች ጋር የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ያቺ እንቁራሪት ማን ናት?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በደጋው ሣርና ረግረግ የሚዘልሉት የፕቲካዴና ወገን እንቁራሪቶች ለረጅም ጊዜ በጥቂት ስሞች ተጠቃልለው ኖረዋል። ተመራማሪዎች የዘር ቅንጣታቸውንና የአካል ልካቸውን ሲያነጻጽሩ በአንድ ስም የሚጠሩት ብዙ ሆነው ተገኙ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ብቻ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ስም አግኝተዋል። በባሌ ሐረና ጫካ የምትኖረው ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ የተባለችው ትንሽ እንቁራሪት ደግሞ ለሳይንስ የታወቀችው በ1991 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ማልኮልም ላርገን ሲገልጻት ነው። ዛሬ ከምድር ልትጠፋ ከተቃረቡት አንዷ ናት። ታዲያ ከወንዝ ዳር የተለቀመችን እንቁራሪት ማንነቷን ሳይለይ የሚከፍት ላብ፣ ምደባ የሚባለውን የትምህርቱን እኩሌታ ከበር መልሶታል። ምናልባትም ከዚያ የባሰ ጥፋት ያደርሳል።

ምትኩ ሩቅ አይደለም። ዶሮ በ12 ብልት በሚወጣበት ቤት ያደገች ተማሪ መላላጫውን ከፈረሰኛው ትለያለች፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ዳስሳ ቢላዋውን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች። (ወንዱ ከወጥ ቤት ሲባረር ስለኖረ እዚህ ላይ ወደኋላ ቢቀር አይፈረድበትም።) ዱለት ከትፎ የሚያውቅ ሰው ጨጓራን ከሽንፍላ ለይቶ ያውቃል፤ ይኸውም የሚያመሰኩ እንስሳት ባለአራት ክፍል ሆድ ትምህርት መግቢያ ነው። ላቡ ይህን ሁሉ እውቀት እንደሌለ ቆጥሮ ከዜሮ መጀመሩ ብክነት ነው።

ከቄራ የመጣ የበግ ልብ ከእንቁራሪት ልብ ይልቅ ለተማሪ ብዙ ይናገራል። እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል አለው። የግራው ታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ እጅግ ይወፍራል፤ ደሙን ወደ መላው አካል የሚገፋው እሱ ነውና። ቫልቮቹን ወጥረው የያዙት ነጫጭ ጅማቶች በዓይን ይታያሉ። መጽሐፍ ደም ወሳጁን ቀይ፣ ደም መላሹን ሰማያዊ ቀብቶ ያሳያል፤ ሳህኑ ላይ ግን ቀለም አይረዳም። ተማሪው የሚለየው በጣቱ ነው፤ ወፍራሙና የሚለጠጠው ወሳጁ፣ ልፍስፍሱ መላሹ። ይህን የኮምፒውተር ስክሪን አያስተምርም።

የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ክርክር ግን ተራ አይደለም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሳይንስ እንስሳትን በሌላ እንዲተካ፣ ቁጥራቸውን እንዲቀንስና ስቃያቸውን እንዲያቀል ጠይቀዋል። መልሱ ግን ቢላውን ጨርሶ መጣል አይደለም። ቄራ የሚታረደው በግ ለላብ ሲባል አይታረድም፤ ልቡም ሳንባውም ለማንኛውም ይወጣል። ናሙና ማቆያው ፎርማሊንም አያስፈልገውም፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በፎርማሊን ውስጥ ያለውን ፎርማልዴሃይድን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታልና።

ምደባውስ? ለእሱ ሽኮኮን የሚያህል መምህር የለም። ከገደል ላይ ሲያዩት የአይጥ ዘመድ ይመስላል። ኦሪት ዘሌዋውያንም ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ብላ ከሚበሉት ለይታዋለች፤ በአፍ እንቅስቃሴና በእግር እየለዩ መመደብ ያኔም ነበረ ማለት ነው። የዛሬው ሳይንስ ሽኮኮን የሚያስጠጋው ወደ ዝሆን ነው። የላይኛው ጥርሱ እንደ ዝሆን ረጅም ጥርስ ከፊት ጥርስ የወጣና ዕድሜ ልኩን የሚያድግ ነው፤ ጥፍሮቹ ጠፍጣፋ ሆነው ሰኮና ይመስላሉ፤ የወንዱ ፍሬም እንደ ዝሆኑ ሆድ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ለዚህ ትምህርት አዲስ ሽኮኮ መግደል አያሻም። አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ፣ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የዙኦሎጂ ተማሪ እዚያ የአንድ ቀን ጎብኚ ሳይሆን የራስ ቅል እየለካና ጥርስ እየቆጠረ ወንበር ይዞ የሚሠራ ሊሆን ይገባዋል።

ቄራ ሌላም የሚጣል ሀብት አለው። የሥጋ መርማሪዎች በየዕለቱ ለምግብ አይሆንም ብለው የሚያስወግዱት ጉበትና ሳንባ አለ። ጉበቱ ውስጥ ቅጠል የመሰለው የጉበት ትል፣ ሳንባው ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ የኢኪኖኮከስ ትል ከረጢት ይገኛል። ሁለቱም ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ናቸው፤ ነገር ግን የጉበት ትሉ አፍና ቅርንጫፍ ያለው አንጀት ሲኖረው፣ የኮሶ ዘመድ የሆነው ኢኪኖኮከስ አፍም አንጀትም የለውም፤ ምግቡን የሚመጥጠው በገላው ነው። የአካል አሠራርና ምደባ በአንድ ሳህን ላይ የሚገናኙት እንዲህ ነው። የሚያስፈልገው በኮሌጁና በቄራው መካከል የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ፣ የእንስሳት ሐኪም ቁጥጥርና ጓንት ነው። ከላቡ በኋላ የተረፈው ሁሉ መቃጠል አለበት፤ ከረጢቱን የበላ ውሻ የትሉን እንቁላል መልሶ ለሰውና ለከብት ያደርሳልና።