ሐይቁ መውጫ የለውም

ሰው ሁሉ ከሥራ በኋላ ዕረፍት እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው። በተለይ እኛ ተማሪዎች ሳምንቱን ሙሉ ከመጻሕፍትና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ስንታገል ሰንብተን በዕለተ እሑድ ወደ ሐይቅ ዳር ወጥተን ንጹሕ አየር ብንቀበል አእምሯችን ይታደሳል እንጂ ጊዜያችን አይባክንም። ስለዚህ ወደ ሐይቅ መሄድ ሥራ መፍታት ነው የሚሉ አንዳንድ ወላጆች ሐሳባቸውን እንዲለውጡ በትሕትና እለምናለሁ።

ለዚህም በከተማችን በሐዋሳ ካለው ከአሞራ ገደል መናፈሻ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። በዚያ ከዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ጦጣው በአጠገቡ ይመላለሳል፤ በጥቁር ገላው ላይ ነጭ ዘርፍ የደረበው ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ማለዳ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፤ አባ ኮዳም እንደ ሽማግሌ ዳኛ አንገቱን ሰብሮ የዓሣው ሆድ ዕቃ እስኪጣልለት ይጠብቃል። የሥነ ሕይወት መምህር በብዙ ቀን የሚያስረዱንን ነገር እዚያ በአንድ ጧት በዐይናችን እናያለን።

ነገር ግን ይህ ደስታ ግዴታ አለበት። በጂኦግራፊ እንደተማርነው፥ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱም ከ25 ሜትር የማይበልጥ ነው። ጣና በዓባይ በኩል ይተነፍሳል፤ ሐዋሳ ግን የተቀበለውን ይዞ ይቀራል። ውሃው በፀሐይ ኀይል ይተናል፤ የጣልነው የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን አይተንም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የመግቢያ ከፍለናል፤ መጥረግ የዘበኛው ሥራ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በከፈልነው ገንዘብ የአንድ ቀን ደስታ ገዛን እንጂ ሐይቁን አልገዛንም። ዘበኛው ሣሩን ቢያጸዳ፥ ነፋስ ወደ ውሃው የገፋውን ማን ይሰበስበዋል? የዓሣ አጥማጁ እንጀራ ያለውም በዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ለጦጣ ሙዝና ዳቦ መወርወርም ቸርነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከሰው እጅ መብላት የለመደች ጦጣ ውላ አድራ ከሕፃን እጅ መንጠቅ ትጀምራለች።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ትምህርት ቤታችን ለጉብኝት ሲወጣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባዶ ከረጢት ይያዝ፤ ትርፍራፊውንም ይዞ ይመለስ። መምህራን ያየነውን በጽሑፍ ይጠይቁን፤ ያን ጊዜ ሽርሽሩ ትምህርት ይሆናል። ወላጆችም በእሑድ መናፈሻቸው ይህንኑ ቢያደርጉ ታናናሾቻችን ከቃል ይልቅ ከሥራ ይማራሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! መውጫ የሌለው ሐይቅ እንደ ቤት ጓዳ ነው፤ የሰጡትን ያስቀምጣል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ገብተው የሚያገኙትም እኛ ያስቀመጥነውን ነው።