ላፕቶፓችንን ራሳችን ብንፈታውስ?

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የላፕቶፔ ስክሪን በመስመር ተሞላ። በውጭ ሞኒተር ብሞክረውም ያው መስመር ነው፤ ስለዚህ የተበላሸው ስክሪኑ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ጥገና ቤት ወሰድኩት። "ማዘርቦርዱ ይቀየር" ተባልኩ፤ በዋጋው ግን ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል።

ጓደኞቼ "ኧረ እንዳትነካው!" እያሉኝ ፈታሁት። እውነቱን ለመናገር ዕድለኛ ነበርኩ። የአብዛኛው ላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ በካቻቢቴ ብቻ አይቀየርም። የእኔው ግን ኤምኤክስኤም የሚባለው፣ በብሎን የሚታሰር ካርድ ነበረው። ከዚያው ሞዴል የወጣ ካርድ ፈልጌ፣ ባትሪውን ነቅዬ ተካሁት፤ ቺፑ ላይም አዲስ ቴርማል ፔስት ቀባሁ። ሠራ! (አንድ ብሎን ተርፎኛል፤ ከየት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።)

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስለ ኮምፒውተር አሠራር ያን ሁሉ ኮርስ ወስጄ በሕይወቴ የፈታሁት የመጀመሪያው ላፕቶፕ ይኸው የራሴው ነው። የክፍል ጓደኞቼም ከእኔ አይሻሉም። እንደ እኔ እንደ እኔ ዲፓርትመንታችን ስቶር ውስጥ አቧራ የጠጡትን ላፕቶፖች ለላብ ይፍቀድልን። እንዳናበላሻቸው ቀድሞውንም የተበላሹ ናቸው፤ ካቻቢቴውን እኛ እናመጣለን።