የዓባይ በረሃ ቁልቁለት እና የአንድ ሰዓት ዕረፍት

 

ሰሞኑን የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «አባዬ፣ ዳንግላ በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ሲል ጠየቀኝ። ዳንግላ የአያቱ አገር ናት፤ እርሱ ግን አንድም ቀን አልረገጣትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ተጓዦች ሲታገቱም ስንሰማ፣ እኛም የዒዱን ደስታ፣ የዘመድንም ለቅሶ በስልክ መወጣት ለመድን። ጥያቄው ከአባባ ጋር የሄድነውን የመጨረሻ ጉዞ አስታወሰኝ። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እነሆ ላጫውታችሁ።

ጊዜው መስከረም 2003 ዓ.ም. ነበር። አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በዚያ መንገድ ለረጅም ዓመታት የጭነት መኪና ያሽከረከሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እህታቸውን ለመጠየቅ፣ በዚያውም የልጅ ልጆቻቸውን አገር ለማሳየት ፈለጉና አንድ ሚኒባስ ተከራየን። ሱብሒን ሰግደን ከአዲስ አበባ ተነሣን። በእንጦጦ ወጥተን ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ገብረ ጉራቻን አልፈን ረፋዱ ላይ ጎሃ ጽዮን ደረስን።

ከጎሃ ጽዮን ወዲያ ያለው የዓባይ በረሃ ነው። መንገዱ ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርድ ለብሰን የገባን ሰዎች ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ኮትና ሹራብ ማውለቅ ጀመርን።

ሾፌራችን ወጣት ነበር፤ እጁም ቀልጣፋ ነው። ነገር ግን ጎሃ ጽዮን ላይ ለአፍታ እንኳ ሳይቆም፣ በከፍተኛ ማርሽ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ መውረዱን ቀጠለ። ጥቂት እንደሄድን አንድ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ቀና ብዬ አባባን ሳያቸው እርሳቸው ቀድመው አውቀውታል።

«ልጄ፣ እዚያ ሰፊው ቦታ ላይ አቁማት» አሉት ቀስ ብለው።

«አባቴ፣ አይስጉ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። አሁን ከቆምን ይመሽብናል» አላቸው።

አባባ አልተቆጡም። «አውቃለሁ፤ ጎበዝ ሾፌር ነህ። ግን እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እግሬን ላፍታታ» አሉት። ወጣቱም አፍሮ አቆመ። ስንወርድ ከፊት ጎማዎቹ ጢስ ይወጣ ነበር።

እስቲ አስቡት! የሚቀጥለው መታጠፊያ ገደል ነው። አባባ ግን በልጆቹ ፊት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩትም። ወደ ጥግ ወስደው ብቻውን አስረዱት። ፍሬን ያለ ዕረፍት ከተረገጠ ሸራው ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ማርሽ ቀደም ብሎ ይቀነሳል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅማ ራስን መግደል ነው። የጋለ ጎማ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይደፋም ከለከሉት፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። «በራሱ ይቀዝቅዝ፤ እኛም እንረፍ» አሉ።

ያቺ የአንድ ሰዓት ዕረፍት የጉዞው ሁሉ በረከት ሆነች። አባባ ልጆቹን ሰብስበው ገደሉን እንደ መጽሐፍ ያነቡላቸው ጀመር። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው። ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህም ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር ይመሰክራል። ከዚያ ዝቅ ሲባል ጄሶ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ይህን ሁሉ ቆርጦ የወረደው ያ ከታች እንደ ክር የሚታየው ወንዝ ነው። ሱብሓነላህ!

«ይህ ውኃ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቋቸው። ልጆቹ «ከጣና!» አሉ። «ከጣና በፊትስ?» ዝም አሉ። «ማታ ከምናድርበት አገር አጠገብ ነው የተነሣው። ከሰከላ ወጥቶ፣ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ጣና ይገባል። ከባሕር ዳር ወጥቶ ጎጃምን ይዞራታል፤ እዚህ መጥቶ ያገኘናል» አሏቸው። ትልቋ ልጄ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ጎማው ሲቀዘቅዝ ወጣቱ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ ወረደ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የህዳሴ ድልድይ ተሻገርን። ደጀን ላይ ዙህርን ሰግደን ምሳ በላን። ከዚያም ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ጥሊሊን አልፈን፣ እንጅባራ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ዘንገና ሐይቅ ደረስን።

ዘንገና እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው። የጎኑ ስፋት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው። ዙሪያው ደን ነው፤ ጦጣዎች ይዘሉበታል። ዳር ላይ ዐስርን ሰገድን። ልጆቹ ሊዋኙ ሲሉ አባባ ከለከሏቸው፤ ዳሩ ወዲያው ነው ጥልቅ የሚሆነውና።

እንጅባራ ስንገባ መግሪብ ተቃርቦ ነበር። ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አክስቴም እራት አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሾፌሩ አባባን ዞር ብሎ አያቸው፤ አሁን ግን እርሱ ራሱ፣ «አባቴ፣ ብናድር አይሻልም?» አለ። አባባ ፈገግ አሉ። በዚያ ብርድ እንጅባራ አደርን። ጠዋት ቀርከሃውን፣ የድንች ማሳውን፣ ፈረሰኛውን፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ የተተከለውን የዲከረንስ ደን እያየን ዳንግላ ገባን። አክስቴ ስለ እራቱ ጥቂት ተቆጥታ፣ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች።

ውድ አንባቢያን! ዲናችን ለሙሳፊር ሰላቱን እንኳ አሳጥሮለታል፤ በረመዳን ፆሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያሻግር ፈቅዶለታል። አላህ ያቀለለልንን ጉዞ እኛ በችኮላ ስለምን እናከብደዋለን? ከቤተሰብ ጋር የምትጓዙ፣ በጠዋት ተነሡ፤ ከመሸ እደሩ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቁሙ። ሾፌሩ ሲያጠፋ ሳታዋርዱ ምከሩት፤ ቀርቶ የሚመለሰው የተከበረ ሰው ነውና። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታረጋግጡም አትነሡ፤ ለዘመድ ናፍቆት ብሎ ልጆችን ለአደጋ ማጋለጥ ዝምድና መቀጠል አይደለም።

መሄድ ያልቻልንስ? ለልጄ በደብተሩ ላይ መንገዱን ሣልኩለት፤ ከተሞቹን በተራ ጻፍኩለት፤ ወንዙንም በሰማያዊ እስክሪብቶ ከሰከላ አንሥቼ ጎጃምን አዞርኩት። «አያቴ የቆሙት የት ላይ ነው?» አለኝ። ከጎሃ ጽዮን በታች አንድ ነጥብ አደረግሁለት። ኢንሻአላህ መንገዱ ሰላም ሲሆን እዚያ ነጥብ ላይ አብረን እንቆማለን።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።