የጎረቤትን ዋይፋይ የሚሰብረውን ልጅ እናስተምረው

በደሴና በኮምቦልቻ ዋይፋይ የገባበት ቤት ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ገልበጥ ቢያደርጉት ሆዱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት የኔትወርኩን ስምና ፓስወርዱን ይዛለች። ባለሙያው ገጥሞት ከሄደ በኋላ ማንም አይነካውም። በስልክ ወይም በኮምፒውተር 192.168.1.1 ብሎ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ እንዳለው፣ ያም ገጽ የራሱ ፓስወርድ እንዳለው የሚያውቅ ጥቂት ነው። የዋይፋዩ ፓስወርድ ደግሞ ለእንግዳም ለተከራይም ለጎረቤትም ይሰጣል። ከሐምሌ 2015 በኋላ በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥማ፣ የመስመር ኢንተርኔት ላለው ሰው ጎረቤቱን መከልከል ነውር ነው። መካፈሉን አልነቅፍም፤ ያስመሰግናል። የሚያሳስበኝ የተካፈልነው ነገር እስከ ማን እጅ እንደደረሰ የሚያጣራ ሰው በየሰፈሩ አለመኖሩ ነው። «ፓስወርድ ቀይሩ» የሚል ምክር ብቻውን ይህንን ጉድለት አይሞላም። አሰባበሩን በሕጋዊ መንገድ የተማሩ ወጣቶች ያስፈልጉናል።

«እኔ ቤት ምን ይሰረቃል?» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ በከፊልም እውነት አለው። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎች መልእክታቸውን አመስጥረው ስለሚልኩ፣ ዋይፋይ ውስጥ የገባ ሁሉ የሚስጥር ቁጥርዎን ያነባል ማለት ማጋነን ነው። ነገር ግን የማስተካከያውን ገጽ የያዘ ሰው የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠየቅበትን ሰርቨር ቀይሮ ቤተሰቡን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራ ይችላል። በመስመሩ ወንጀል ቢሠራበትም መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሉን የፈረመው ደንበኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከ60 በላይ የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን በብዛት ወረረ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ያሽመደመደው ጥቃት የተካሄደው በእነዚሁ መሣሪያዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን መያዙ ታወቀ። አብዛኞቹ ባለቤቶች መሣሪያቸው መያዙን አላወቁም።

አሰባበሩን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ደብልዩፒኤስ የተባለው ቁልፍ በደንብ ያሳያል። ስልክን ያለ ፓስወርድ በቀላሉ ለማገናኘት የተሠራ ሲሆን ባለ 8 አኃዝ ቁጥር አለው፤ ሲያዩት ለመገመት የማይቻል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነው ጥናት ግን ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ እንደሚያረጋግጥ፣ የመጨረሻው አኃዝም ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ መሆኑ ታየ። ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል፤ ይህ ለኮምፒውተር የሰዓታት ሥራ ነው። የዋይፋዩን ፓስወርድ የቱንም ያህል ቢያረዝሙት፣ መከላከያ በሌለው አሮጌ ራውተር ላይ ይህ በር ክፍት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ይህንን አንድ ጊዜ በእጁ የሞከረ ተማሪ ደብልዩፒኤስን ሳይዘጋ ከማንም ቤት አይወጣም።

«ታዲያ ሌባ ልናሰለጥን ነው?» የሚለው ሥጋት የወላጅ ሥጋት ነውና በክብር ሊመለስ ይገባል። መሣሪያው ግን ዛሬም በነፃ ይወርዳል፤ ማሳያ ቪዲዮውም በቴሌግራምና በዩቲዩብ ሞልቷል። ልጁ የሚያጣው ሕጉን የሚነግረውና ችሎታውን የሚያውልበትን ቦታ የሚያሳየው ሰው ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኔትወርክ የገባን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። የጎረቤቱን ዋይፋይ ለጨዋታ የሚሰብር የ17 ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ያውቃል ብዬ አላምንም። ያው አዋጅ ግን ወንጀሉን «ያለ ፈቃድ» በሚለው ላይ ስላቆመው፣ ባለቤቱ ፈቅዶ ለሚደረግ ፍተሻ መንገድ ይተዋል። የሚራይ ሠሪዎችም በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ሦስት አሜሪካውያን ነበሩ፤ ጥፋታቸውን ካመኑ በኋላ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከእስር ይልቅ የአምስት ዓመት የአመክሮ ቅጣትና 2,500 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፈረደባቸው፤ ችሎታቸውም ለኤፍቢአይ ዋለ። እኛ ከጥፋቱ በፊት ብንጀምረው ይሻላል።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ባለ ተሰጥኦ ወጣቶችን እየመለመለ በክረምት ማሰልጠኑ ግሩም ሥራ ነው። ሆኖም ምልመላ የሚያወጣው ጥቂቶችን ነው፤ በደሴ የፒያሳና የቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቶችን ራውተር የሚፈትሸው እዚሁ ያለ ሰው መሆን አለበት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የደሴው ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይህን ለመጀመር ውድ ላቦራቶሪ መጠበቅ የለባቸውም። ከአገልግሎት የወጡ ጥቂት ራውተሮችና ከውጭ ኔትወርክ የተነጠለ አንድ ክፍል ይበቃሉ። ተማሪው በመጀመሪያ የራሱን መሣሪያ ይስበር፤ ቀጥሎም በመምህሩ ኃላፊነት ፈቃደኛ ወደሆኑ ቤቶችና ካፌዎች ሄዶ የፋብሪካውን ፓስወርድ ይቀይር፣ ሶፍትዌሩን ያድስ፣ ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ ይክፈት። ፈቃዱ ግን በቃል አይሁን። የባለቤቱ ስምና ፊርማ፣ የሚፈተሸው መሣሪያ፣ ቀኑ፣ የማይነካው ነገር፣ ውጤቱም ለባለቤቱ ብቻ እንደሚነገር የሚገልጽ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ያለዚያች ገጽ ማንም ተማሪ ላፕቶፑን አይክፈት።