ከባድ መኪናው ከኮንቴይነሩ ለምን ይቀድማል?

የወደብ በር ሰልፍ በረዘመ ቁጥር «መንገድ ይስፋ፣ ክሬን ይጨመር» ይባላል። ችግሩ ግን በአብዛኛው የመረጃ ነው። የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ተርሚናሎች በ2005 እ.ኤ.አ. ቀን በሚወጣ ኮንቴይነር ላይ ክፍያ ጥለው ሥራውን ወደ ማታ ሊያዛውሩ ሞከሩ። መኪኖች ግን ክፍያው የሚቀርበትን የምሽት 12 ሰዓት እየጠበቁ በር ላይ ተኮለኮሉ። በ2018 የቀንና የማታው ክፍያ እኩል ሆነና ቀጠሮ ተተካ።

ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛው ንግዷ በጅቡቲ ለሚያልፈው ኢትዮጵያም ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የመርከቡ መድረሻ፣ የጉምሩክ መልቀቂያና የኮንቴይነሩ ቦታ በአንድ መረብ ካልተገናኙ መኪናው በሰዓቱ ደርሶም ወረቀት ይጠብቃል። ባለንብረቱ ምልልስ ያጣል፤ አስመጪው የወደብ ኪራይ ይከፍላል፤ ሒሳቡ በመጨረሻ ሸማቹ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሾፌሩ ከሞጆ ሳይነሳ «ዕቃህ ዝግጁ ነው» የሚል መልእክት ይድረሰው። መልእክት ከአስፋልት ይረክሳል።